ናኖ ቅጠል ነው ወይስ ሥር?

በአማርኛ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የሚያድነውንም የሚገድለውንም እንጠራበታለን። ሐኪም ያዘዘው ኪኒን መድኃኒት ነው፤ አይጥ የሚጨርሰውም ዱቄት «የአይጥ መድኃኒት» ነው። «መድኃኒት አደረጉበት» የተባለ ሰው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። ሱዳኖችም መድኃኒትን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤታቸውን ሲሰይሙ «የመድኃኒትና የመርዝ ብሔራዊ ምክር ቤት» ብለው ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አኑረዋቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰምረው መጠን ነው። መጠን ስንል ግን ማንኪያው ላይ ያለውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ከተዋጠው ውስጥ ምን ያህሉ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል፣ በስንት ጊዜ ደረሰ የሚለውም መጠን ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ ሐኪም ወይም እንደ መድኃኒት ቀማሚ ሳይሆን እንደ ተርጓሚ ነው። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ዐረብኛ እየተረጎምሁ ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ለብዙ ዓመታት ኖሬአለሁ። ሪያድ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ የተንጣለሉ ቪላዎች ያሉበት ሰፈር ነው። መሽተል በተባለው ጎዳና ግራና ቀኝ ፋርማሲው፣ ካፌው፣ የቅመማ ቅመም ሱቁ ተደርድሮ ይታይ ነበር። በየቪላው ወጥ የሚሠሩት፣ ልጅ የሚያሳድጉት፣ አረጋውያንን የሚጦሩት ሴቶች ብዙዎቹ የሀገሬ ልጆች ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ጎረቤት በሆነው በጅሬፍ ቤት ተከራይተው ይኖሩና ጧት ጧት ወደ ሪያድ ለሥራ ይመጡ ነበር። የሥራ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የልደት ወረቀት ሲኖራቸው ወደ እኔ ያመጡት ነበር። «ናኖ» ከሚለው ቃል ጋር በቅርብ የተዋወቅሁትም በዚሁ ሥራ መካከል ነው።

በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ነጋዴ ሁለት የዐረብኛ መግለጫዎች አመጣልኝ። አንዱ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው፤ ሁለተኛው የእርድ እንክብል። ሁለቱም «በናኖ ቴክኖሎጂ የተዘጋጀ» ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ወደ ደም እንደሚገባ፣ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለ ሆነም ፈጽሞ ጉዳት እንደሌለው፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለሌላም እንደሚበጅ ይዘረዝራሉ። ነጋዴው መግለጫው በአማርኛ እንዲሆንለት የፈለገው በሪያድና በጅሬፍ ለሚኖሩት እኅቶች ሊሸጠው ስላሰበ ነበር።

ትርጉሙ ገና ከመጀመሪያው ቃል አስቸገረኝ። ዐረብኛው ቃሉን እንዳለ «ናኖ» ብሎ ወስዶታል፤ ሲያብራራው ደግሞ «ሙተናሂ አስ-ሲግር» ይላል፤ ትንሽነቱ ከመጨረሻው ጫፍ የደረሰ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ምን ልበለው? «ረቂቅ» ብለው ነገሩ ወደ መንፈስ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ ረቂቅ የሚባሉት የማይዳሰሱት፣ የማይጨበጡት ናቸው፤ «ረቂቅ መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ ያየች ሴት ከጠበል ወይም ከክታብ ጋር ብታገናኘው አይፈረድባትም። «ደቂቅ» ብለው ደግሞ ተሕዋስያንን፣ ማለትም የበሽታ አምጪዎቹን ጎራ ያስታውሳል። ስለዚህ «ናኖ» ብዬ ተውሁት። ያልተተረጎመ ቃል ግን ገበያ ላይ ሲወጣ የራሱን ትርጉም ያበጃል። ሰዎች ቃሉን «ጠንካራ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ፍቱን» ብለው ሲተረጉሙት ብዙም አልቆየ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው፣ በሪያድ በአንድ ቪላ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ሴት ነበሩ። ስኳር አለባቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የተባሉ ኪኒኖች ይወስዳሉ። ያንኑ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስ አንድ ሱቅ ውስጥ አይተው የወር ደመወዛቸውን ግማሽ ሊያወጡበት ቆርጠዋል። ወደ እኔ የመጡት ደግሞ ዋጋውን ሊያማክሩኝ አልነበረም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አንቺ ጽሑፉን ታነቢዋለሽ። ናኖ ማለት ቅጠል ነው ሥር? ይህን ከጀመርሁስ ኪኒኑን ልተወው?»

ከሁለቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመግለጫው ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነበር። እትዬ ባደጉበት ሀገር መድኃኒት ሁሉ ወይ ቅጠል ነው፣ ወይ ሥር፣ ወይ ልጥ፣ ወይ ፍሬ። ናኖ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ትክክለኛ መንገድ ነው። መልሱ «ከአንዱም አይደለም» የሚል ነው። ናኖ የመድኃኒት ዓይነት አይደለም፤ የመጠን ስም ነው። ቃሉ የመጣው ድንክ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ አንድ ናኖ ሜትር ማለት አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት በግምት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 7,000 ናኖ ሜትር ይሆናል። በናኖ መጠን ተዘጋጀ የሚባለው የመድኃኒት ቅንጣት ከዚህም በብዙ ያነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት አሥሮችና በጥቂት መቶዎች ናኖ ሜትር መካከል ያለ ነው። ስለዚህ ለእትዬ ቅጠሉ ጥቁር አዝሙዱ መሆኑን፣ ናኖ ደግሞ ተሸካሚው እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ጭነቱ ሌላ ነው፤ አጋሰሱ ሌላ ነው።

ለመሆኑ ቅጠሉ ተሸካሚ ለምን አስፈለገው? ለዚህ ከእርድ የተሻለ ምሳሌ የለም። ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠውና ሳይንቲስቶች በብዙ የሚመራመሩበት ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። ኩርኩሚን በውኃ ውስጥ ለመሟሟት እጅግ ያስቸግራል፤ ወደ ሰውነት የገባውንም ጥቂት አንጀትና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። በመሆኑም ሰው በአፉ ከወሰደው ውስጥ ወደ ደሙ ሳይለወጥ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ዐረብኛው ይህን «አት-ተዋፉር አል-ሐየዊ» ይለዋል። በአማርኛ የጸና ቃል ስላላገኘሁለት እኔ በማስታወሻዬ «የደረሰ መጠን» እያልሁ ጽፌዋለሁ። «የተሰጠ መጠን» አንድ ነገር ነው፤ «የደረሰ መጠን» ሌላ። ብዙ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ተአምር ሠርተው በሰው ላይ ሲሞከሩ የሚያሳፍሩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ገደል ምክንያት ነው።

ገደሉን ለመሻገር የተደረገው ሙከራ ግን ከናኖ በፊት የነበረ ነው። በ1998 በሕንድ ባንጋሎር ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ጋር ለሰዎች ሰጥተው የደረሰው መጠን 20 እጥፍ ያህል ማደጉን ጽፈዋል። ፓይፐሪን ማለት ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። (መነሻው እጅግ ትንሽ ስለ ነበር 20 እጥፉም ቢሆን ብዙ ነው ማለት እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም።) እንግዲህ እናቶቻችን አልጫውን ሲሠሩ እርዱን በቅቤ አቁላልተው ቁንዶ በርበሬ ጣል ሲያደርጉበት፣ ለጣዕም ብለው ያደረጉት ነገር ከማድረሱም ረገድ ትርጉም ነበረው ማለት ነው።

መድኃኒትን በተሸካሚ መስጠት በሕክምናችን ታሪክም የቆየ ነው። በብራና ላይ የተጻፉትን የመድኃኒት መጻሕፍት ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968ና በ1973 በሁለት ክፍል አሳትሟቸዋል። መድኃኒቱን በማር ለውሶ፣ በቅቤ አሽቶ፣ በጠላ በጥብጦ፣ በወተት አድርጎ መስጠት የአበው የሕክምና ወግ ነው። ቅቤው ማስዋጫ ብቻ አይደለም። በቅባት የሚሟሙ ንጥረ ነገሮች አሉና። በዛሬው ሕክምናም ቢሆን ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ «ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰጂው» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮአርተም ሁለት መድኃኒቶችን ያጣመረ ሲሆን አንደኛው ከጭቁኝና ከአሪቲ ጋር ከሚዛመድ የቻይና ተክል የመጣ ነው፤ ሁለተኛው፣ ሉሜፋንትሪን የተባለው፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ከሚገባው ይልቅ ከቅባት ጋር ሲወሰድ በብዙ እጥፍ ይገባል።

የናኖ ሳይንስ ይህንኑ የቅቤና የማር ሐሳብ አንሥቶ በልኬት የሚሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘይቱን በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ከፋፍሎ በውኃ ውስጥ እንዳይዋሐዱ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ወይም ንጥረ ነገሩን ሊፖሶም በሚባል ከቅባት በተሠራ ጥቃቅን ፊኛ ውስጥ ያኖረዋል፤ ወይም ከፕሮቲን ጋር ያቆራኘዋል። ከዕፅዋት በተገኘ መድኃኒት ላይ ይህ ሥራ ፍሬ ማፍራቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው የፓክሊታክሴልን ታሪክ ይመልከት። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚበቅል የዩው ዛፍ ልጥ የተገኘውን ይህን ንጥረ ነገር ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1971 አስተዋወቁ። በ1992 በአሜሪካ ለካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ፓክሊታክሴል በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያና በአልኮል እየተበጠበጠ ነበር በደም ሥር የሚሰጠው። ማሟሚያው ራሱ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ብርቱ የአለርጂ መቆጣት ያስነሣ ስለ ነበር አስቀድሞ መከላከያ መድኃኒት መስጠት ግድ ሆነ።

በ2005 አብራክሴን የተባለው አዲሱ ዝግጅት ለጡት ካንሰር ሲፈቀድ የጉሎው ማሟሚያ ቀርቶ ነበር። ፓክሊታክሴሉን የተሸከመው በሰው ደም ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ቅንጣቶቹም በአማካይ 130 ናኖ ሜትር ያህል ናቸው። ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው አሰጣጥ ወደ 30 ደቂቃ ወረደ። በንጽጽር ጥናቱም ከቀድሞው ይልቅ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ሕሙማን በዙ። በአንጻሩ ብርቱ የሆነ የእጅና የእግር መደንዘዝ ያገኛቸውም በአዲሱ መድኃኒት በዝተው ታይተዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኔን ዓይን የሳበው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የሰፈረው ማሳሰቢያ ነው። አዲሱን በቀድሞው፣ ቀድሞውን በአዲሱ መተካት እንደማይገባ በጥብቅ ያሳስባል፤ የሚሰጠው መጠን የተለያየ ነውና። ቀድሞው በሰውነት ገጽ ስፋት በየካሬ ሜትሩ 175 ሚሊግራም ሲሆን አዲሱ 260 ሚሊግራም ነው። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፤ ንጥረ ነገሩም ያው ነው። ተሸካሚው ሲለወጥ ግን መድኃኒቱ ሌላ መድኃኒት ሆነ። ጠቅላላ ሕግጋቱ፣ መጠኑም፣ ጉዳቱም እንደ አዲስ ተመረመረ።

መግለጫው ላይ «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አነጋገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እርድ ለዘመናት በድስታችን ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ኖሯል፤ ጉዳት ካላደረሰበት ምክንያት አንዱ ግን ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት መሆኑ ሊሆን ይችላል። በ2019 በጣሊያን የእርድ እንክብል የሚወስዱ ሰዎች በጉበት ብግነት ታመው በመገኘታቸው የጤና ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ አወጡ። በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም ከእርድ እንክብሎች ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት የደረሰባቸውን 10 ሕሙማን መርምሮ አምስቱ ሆስፒታል እንደ ገቡ፣ አንዱም እንደ ሞተ ጽፏል። ከተመረመሩት እንክብሎች በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ ማድረሱን እንዲያፋጥን የሚጨመረው ፓይፐሪን ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት በብዛት የሚያጋጥም አይደለም፤ የወጡ እርድም አያሰጋም። ነገር ግን ደጁ ሲሰፋ የሚገባው እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ያልተጠራውም ይገባል።

ከዚህ የሚብስ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም መድረሻውን መሳት ነው። ኮሶን እናስብ። ጥሬ ሥጋ በሚወደው ሀገራችን ኮሶ መጠጣት በየሁለት ወሩ የሚደረግ ልማድ ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ተደልዞና ተበጥብጦ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የጠጣውም ሰው ቀኑን ከቤት አይወጣም። ኮሶ የሚፈለገው ከደም ውስጥ ሳይሆን ከአንጀት ውስጥ ነው፤ ትሉ ያለው እዚያ ነውና። መልካምነቱ ባለመግባቱ ነው። ወደ ደም በብዛት ሲገባ ግን መርዝ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ከጠጡ ሰዎች መካከል ዓይናቸው እስከ መጎዳት የደረሱ መኖራቸው በሀገራችን የሕክምና መዛግብት ተመዝግቧል። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሙሉ በሙሉ ወደ ደም የሚገባ የናኖ ኮሶ ሠራሁ» ቢል፣ የሠራው መድኃኒት አይደለም። «በደንብ ይደርሳል» የሚለው ምስጋና የሚሆነው መድረሻው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

ኮሶን ካነሣን አይቀር፣ በ2020 የታተመ አንድ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የኮሶ ቅጠል ጭማቂን ተጠቅመው የመዳብ ናኖ ቅንጣቶችን ሠርተው በባክቴሪያዎች ላይ ሞክረዋል። ይህን የመሰለ ሥራ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መሠራቱ ያስደስታል። ነገር ግን አንባቢ እንዳይምታታበት መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጥናት ቅጠሉ ተጫኝ አይደለም፤ መዳቡን ወደ ቅንጣት የለወጠው ሠሪው እርሱ ነው። ባክቴሪያው ላይ የሚያርፈው የመዳብ ቅንጣት ነው። ሙከራውም በቤተ ሙከራ የተደረገ እንጂ በሰው ላይ አይደለም። «የኮሶ ናኖ» የሚል አርእስት ብቻ ያነበበ ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ ለይቶ ለደንበኛው ይነግራል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል።

ወደ እትዬ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ፤ ኪኒኑን ልተወው ወይ ወዳሉት። ጥቁር አዝሙድ በደም ያለ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። በሱዳን ሕዝብ ዘንድም ከሃይማኖታዊ ትውፊት ጋር የተያያዘ ታላቅ ክብር አለው፤ እኔም በቀላሉ የማየው ነገር አይደለም። ጉዳዩን በሁለት በኩል አስበን አየነው። መግለጫው እውነት ከሆነና ዘይቱ በብዙ እጥፍ ወደ ደም የሚደርስ ከሆነ፣ ግሊቤንክላማይድ ብቻውን እንኳ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ የሚችል መድኃኒት ነውና በላዩ ላይ ሲጨመርበት እትዬን ምድጃው አጠገብ ሊጥላቸው ይችላል። መግለጫው ውሸት ከሆነ ደግሞ ኪኒናቸውን ትተው ስኳራቸው ያለ ከልካይ ይወጣል። እውነት ቢሆን ያሰጋል፤ ውሸት ቢሆን ይጎዳል። ሊያስታርቀን የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልኬት። በጠርሙሱ ላይ ያልነበረውም እርሱ ነው። በአንድ ማንኪያ ውስጥ ንጥረ ነገሩ ስንት ሚሊግራም እንደ ሆነ፣ ተሸካሚው ከምን እንደ ተሠራ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደማይወሰድ አንዲት መስመር አልተጻፈም። ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የካርቱም ሙቀት፣ መብራት በሚጠፋበት ሱቅ ውስጥ ጠብታዎቹ ሳይዋሐዱ፣ ዘይቱም ሳይበላሽ ስንት ወር እንደሚቆይ የሚነግር ቃልም አልነበረም።

«የደበቁት በሽታ መድኃኒት የለውም» ይባላልና እትዬ ጠርሙሱን ከመግዛታቸው በፊት ነገሩን ለሚከታተሏቸው ሐኪም እንዲነግሩ አሳሰብኋቸው፤ አብሬአቸውም ሄጄ አስተረጎምሁ። ሐኪሙ ኪኒኑ እንዲቀጥል፣ ዘይቱ እንዲቀር፣ ወጥ ቤት ያለው ጥቁር አዝሙድ ግን እንደ ወትሮው በዳቦ ላይ ቢበላ እንደማይከፋ ነገሯቸው። እትዬ ቅር ሲላቸው አይቼ፣ ሜትፎርሚንም ቢሆን የዘር ሐረጉ ከአንድ የአውሮፓ ተክል እንደሚመዘዝ፣ ስኳር የሚቀንሰው ንጥረ ነገር በዚያ ተክል ውስጥ ተገኝቶ እየተሻሻለ ኪኒን እንደ ሆነ ነገርኋቸው። «ታዲያ ይህም ቅጠል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ነጋዴውን በሚመለከት ደግሞ መግለጫውን በትክክል ለመጻፍ የጎደሉትን ነገሮች ዘርዝሬ ጠየቅሁት። ደንበኞች ይህን እንደማይጠይቁ ነግሮኝ ወረቀቶቹን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሜይ 2023 እትዬ እንደ ብዙዎቹ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት የቀሩትን ኪኒኖችና ከዐረብኛ የተረጎምሁላቸውን የሐኪም ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስምና የሚሊግራሙ ቁጥር ስለ ተጻፈ ከድንበሩ ማዶ ያገኛቸው የጤና ባለሙያ አንብቦ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን እንዲቀጥሉ አደረገ። በኋላ በስልክ ይህን ሲነግሩኝ ያሰብሁት ነገር አለ። የተለካ መድኃኒት ቋንቋም ድንበርም ይሻገራል። ያልተለካ መድኃኒት ግን ከሸጠው ሱቅ ርቆ አይሄድም፤ በሌላ ሀገር «ናኖ እወስድ ነበር» ብትለው ሐኪሙ ምን ብሎ ይቀጥልልሃል?

ይህን ሁሉ ማለቴ ከሳይንሱ ለማራቅ አይደለም። እንዲያውም ለዚህ ሳይንስ ቀጣናችን ባዕድ አይደለም ባይ ነኝ። ለረጅም ዘመን ሱዳን የዐረብ ሙጫን ለዓለም በማቅረብ ቀዳሚ ሆና ኖራለች፤ በኮርዶፋንና በዳርፉር ከሐሻብ ዛፍ የሚለቀመው ይህ ሙጫ ጥቃቅን ጠብታዎችን እየሸፈነ እንዳይዋሐዱ ይከላከላል። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችን በዐረብ ሙጫ ሸፍነው ለካንሰር ሕክምና በእንስሳት ላይ ሞክረዋል፤ በ2012ም ከሻይ ቅጠል የተገኘ ንጥረ ነገር ያለበሷቸውን የወርቅ ቅንጣቶች በአይጦች ላይ ፈትነው ውጤቱን አሳትመዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥላሸትን በሙጫ አሽቶ የጽሕፈት ቀለም የሚሠራ ጸሐፊ ነበረ። የጥላሸት ቅንጣቶች በናኖ ሜትር የሚለኩ ናቸው፤ ሙጫው እንዳይጋገሩና እንዳይዘቅጡ ይዟቸዋል። በዚህ ዓይነት ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ብራናው ላይ ስንት መቶ ዓመት ሲኖር እናያለን።

ካርቱም ላይም ከጦርነቱ በፊት በብሔራዊ የምርምር ማዕከል ሥር የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋት እንዲሁም የባህላዊ ሕክምና የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። ከተማይቱ ጦሩ በማርች 2025 መልሶ እስኪይዛት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የጦር ሜዳ ሆና ቆይታለች። ሙጫው ከዛፉ ይፈስሳል፤ ሐረግና ቅጠሉም በየዓመቱ ይበቅላል። በቀላሉ የማይበቅለው መለኪያው ያለው ቤተ ሙከራና የሚለካው ሰው ነው። ሰላም ወርዶ ተቋማቱ ሲቆሙ፣ በሁለቱም አገሮች መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ቅጠል ናኖ ይሁን የሚለው ሳይሆን የትኛው ቅጠል ተሸካሚ ይሻል፣ የትኛው እንደ ኮሶ ባለበት ቢቆይ ይሻላል የሚለው ይመስለኛል።

እስከዚያው ድረስ ጠርሙሱን የሚገዛ አንባቢ ሻጩን ጥቂት ነገር ቢጠይቅ አይጎዳም። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ምንድን ነው? ስንት ሚሊግራም ነው? የተሸከመው ምንድን ነው? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል ወይ? በሰው ላይ የተሞከረው ይኸው ዝግጅት ነው ወይስ ስሙን የተዋሰው ቅጠል? የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ መዝግቦታል? የሚመልስ ሻጭ ከተገኘ መልካም ነው፤ መልሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ይቻላል። መልስ ከሌለ ግን ገንዘቡን ለጤፍና ለወጥ ማዋል ይሻላል። አበው በእፍኝና በቁንጣሪ ሲለኩ ከዚያ የተሻለ መለኪያ ስላልነበራቸው ነው፤ የለኩትንም ሲሰጡ የሚሰጡትን ሰው ያውቁት ነበር። እኛ በሚሊግራም መለካት የምንችል ሰዎች ሳንለካ የምንሰጥ ከሆነ፣ ወደ ሰው ደም በፍጥነት የምናደርሰው ምን እንደ ሆነ ራሳችንም አናውቀውም።